ጠርሙሱ መቼ ተከፈተ?

ለተወደዳችሁ ወጣቶች፣

ይህችን ደብዳቤ የምጽፈው ዕድሜያችሁ ለመጠጥ ደርሶ፣ ወጣ ስትሉ አንድ ብርጭቆ ወይን ወይም ሳይደር (የአፕል መጠጥ) አዝዛችሁ ጣዕሙን በወጉ ማወቅ ለምትፈልጉ ነው። የማትጠጡ ከሆነ ምንም አልቀረባችሁም። ለማወቅ ብላችሁም አትጀምሩ።

ፀጉሬ የሸበተው ወይን በመቅዳትና በመቅመስ ሥራ ነው። ወጣት ደንበኞች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ "የትኛው ነው ጥሩ?" ብለው ነው። ጥያቄው አይከፋም። ከእሱ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ እንድትለምዱ እፈልጋለሁ። "ይቅርታ፣ ይሄ ጠርሙስ መቼ ነው የተከፈተው?" በሉ።

በብርጭቆ ማዘዝ ለጀማሪ ትልቅ ዕድል ነው። ሙሉ ጠርሙስ ሳትገዙ የማታውቁትን ትሞክራላችሁ። ነገር ግን ብርጭቆው የሚቀዳው ከተከፈተ ጠርሙስ ነው፤ ጣጣው ያለውም እዚያ ላይ ነው። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ብርጭቆው 150 ሚሊ ሊትር ከሆነ ለአምስት ሰው ይበቃል። ገበያው ሞቅ ካለ በአንድ ምሽት ያልቃል። ቀዝቀዝ ካለ ግን ጠርሙሱ ተከፍቶ ያድራል፤ አንዳንዴም ይሰነብታል። አየር ሲያገኘው ወይኑ እንደተቆረጠ አፕል መበላሸት ይጀምራል። መጀመሪያ የፍራፍሬው መዓዛ ይጠፋል። ቀጥሎ የበለዘ አፕል የሚመስል ሽታ ይመጣል፤ አሴታልዴይድ የሚባለው ውህድ ነው። ሲብስበት አቼቶ አቼቶ ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰው ሰው ደግሞ "ይሄ ወይን ለእኔ አይሆንም" ብሎ ይተወዋል። ስንቱ ሰው ጥፋት የሌለበትን ወይን በዚህ ምክንያት ጠልቶ ቀርቷል! ይሄ ከልቤ ያሳዝነኛል።

በደንብ ተከድኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠ ወይን፣ ቀይም ቢሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። አረፋ ያለው ያን ያህል አይታገስም። ኮራቫን የሚባል መሣሪያ ያላቸው ቤቶችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ነው ለገበያ የቀረበው። ቀጭን መርፌ በቡሹ ውስጥ አልፋ ወይኑን ታወጣለች፤ በወጣው ምትክ አርገን ጋዝ ይገባል። አርገን ከወይኑ ጋር አይዋሃድም። መርፌዋ ስትወጣ ቡሹ መልሶ ይገጥማል። እንዲህ ያለ ቤት ካጋጠማችሁ፣ ጠርሙሱን ለመግዛት አቅም የማይፈቅድላችሁን ወይን በአንድ ብርጭቆ የምታውቁበት አጋጣሚ ነውና አትለፉት።

ጠርሙሱ አሁን ተከፍቶም ወይኑ የራሰ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት ከሸተተስ? ያኔ ያበላሸው ብዙ ጊዜ ቡሹ ነው። ቲሲኤ የሚሉት ውህድ በአንድ ሊትር ውስጥ ጥቂት ናኖግራም ብቻ ቢኖር እንኳ የወይኑን መዓዛ ይገድለዋል። በዚህ መጠን ጤና አይጎዳም። ቢሆንም ዝም ብላችሁ አትጠጡት። "የቡሽ ሽታ ያለው መሰለኝ፣ እስቲ ይቅመሱልኝ" በሉ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው አይቆጣም። እኔ እንዲህ የሚለኝን ደንበኛ ሁሌም አመሰግነዋለሁ፤ ከዚያው ጠርሙስ ሊቀዳላቸው የነበሩትን አራት ሰዎች አድኗልና።

አቀማመሱን በተመለከተ አንድ ልማድ ብቻ አጥብቄ እመክራለሁ። የሚቻል ከሆነ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ፈንታ ሁለት ግማሽ ግማሽ እዘዙና ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ለምሳሌ ሁለት ሻርዶኔ የሚባል ነጭ ወይን ይሁኑ፤ አንዱ አዲስ የእንጨት በርሜል ውስጥ የቆየ፣ አንዱ በብረት ጋን የተዘጋጀ። ሁለቱም ከአንድ የወይን ዘር ናቸው። የመጀመሪያውን አሽትቱ፤ ቫኒላ፣ ቅቤ፣ የተጠበሰ ዳቦ ይላል። ወደ ሁለተኛው ስትሻገሩ ሎሚና አረንጓዴ አፕል ታገኛላችሁ። መለስ ብላችሁ የመጀመሪያውን እንደገና አሽትቱ። አሁን በርሜሉ ቁልጭ ብሎ ይታወቃችኋል። ለብቻው ቢቀርብላችሁ ኖሮ "ደስ ይላል" ብላችሁ ታልፉት ነበር። ከዚያ ፉት በሉ፣ አፋችሁ ውስጥ አዙሩት፣ ዋጡት ወይም ትፉትና በአፍንጫ ተንፍሱ። ጣዕም ከምንለው ነገር አብዛኛው የሚመጣው በዚያ በኩል ነው።

ሜኑው ላይ ያለውን መግለጫ ከቀመሳችሁ በኋላ አንብቡት። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ፣ በፈረንሳይ ቦርዶ በተሠራ አንድ ጥናት፣ 54 የወይን ጠጅ ሳይንስ ተማሪዎች ጣዕም በሌለው ቀለም ቀይ የተደረገ ነጭ ወይን ቀርቦላቸው ለቀይ ወይን በሚነገሩ ቃላት ነው የገለጹት። ዓይን ይህን ያህል የሚመራን ከሆነ፣ ጽሑፍና ዋጋማ ምን ያህል እንደሚመሩን ገምቱት።

ሙቀቱን በአጭሩ ልንገራችሁ። ቀይ ወይን ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ጥሩ ነው። ከሞቀ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል፤ ለጥቂት ደቂቃ በረዶ ውስጥ ይቀመጥልኝ ማለት ነውር የለበትም። ነጩ ከመጠን በላይ ቀዝቅዞ ምንም አልሸት ካለ ብርጭቆውን በመዳፋችሁ ያዝ አድርጉት።

አሁን ወደ ሳይደር ልምጣ፤ ብዙ ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን በጣም እወደዋለሁ። ሳይደር የአፕል ጭማቂ ተብላልቶ የሚሠራ መጠጥ ነው። ምርጦቹ የሚሠሩበት አፕል ብዙ ጊዜ ለመብላት አይሆንም። ታኒን በሚባል የሚያኮማትር ውህድ የተሞላ ስለሆነ ምላስ ያደርቃል፣ ድድ ይይዛል። በእንግሊዝ ሱመርሴትና ሄርፎርድሺር፣ በፈረንሳይ ኖርማንዲና ብሪታኒ የሚለፉበት አፕል እንዲህ ያለው ነው። የፈረንሳዩን ስታዝዙ "ብሩት" ከተባለ ደረቅ፣ "ዱ" ከተባለ ጣፋጭ መሆኑን እወቁ። ከኮንሰንትሬት (ውሃው ተወግዶ ከወፈረ ጭማቂ)፣ ከውሃና ከስኳር የተሠራም በገፍ ይሸጣል። ስለዚህ "ከተጨመቀ ጭማቂ ነው ወይስ ከኮንሰንትሬት?" ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ጊዜ ሁለቱን ጎን ለጎን ከቀመሳችሁ ልዩነቱን የሚያስረዳችሁ ሰው አያስፈልጋችሁም።

በሰሜን ስፔን አስቱሪያስ ውስጥ ቀጂው ጠርሙሱን ከራሱ በላይ አንሥቶ፣ ወደ ታች በያዘው ብርጭቆ ጠርዝ ላይ ያንቆረቁረዋል። መጠጡ ጠርዙን ሲመታ አረፋና መዓዛ ይነሣል። የሚቀዳው ትንሽ ነው፤ ወዲያው ካልጠጡት አረፋውም መዓዛውም ይጠፋል። ዩኔስኮ ይህን የሳይደር ባህል እ.ኤ.አ. በ2024 መዝግቦታል። እዚያ ጥያቄው ጠርሙሱ መቼ ተከፈተ ሳይሆን ብርጭቆው መቼ ተቀዳ ነው።

"ሳይደር ቀላል ነው" የሚለውን ግን አትመኑ። 330 ሚሊ ሊትር፣ 5 በመቶ የሆነ ሳይደር 16.5 ሚሊ ሊትር ንጹህ አልኮል አለው። 150 ሚሊ ሊትር፣ 12 በመቶ የሆነ ወይን ደግሞ 18። ብዙም አይራራቁም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ለጤና ምንም ስጋት የሌለው የአልኮል መጠን የለም ብሏል። ስለዚህ ባዶ ኩባያ ጠይቁና የቀመሳችሁትን ትፉበት፤ በእኛ ሙያ መትፋት የየቀኑ ሥራ ነው። በየመሃሉ ውሃ ጠጡ። የምትነዱ ከሆነ አትጠጡ፤ ቅምሻውን መኪና ለማትይዙበት ቀን አቆዩት። ሞቅ ካላችሁ በኋላ የሚቀዳላችሁን በትክክል ልትቀምሱት አትችሉም፤ ስሙን ስልካችሁ ላይ ጻፉትና ሌላ ቀን፣ ጠርሙሱ ገና ሲከፈት፣ ተመለሱበት።