ካፖንን ያሰረው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ማታ ማታ «ዘ አንተቸብልስ» የሚለውን ጥቁርና ነጭ ድራማ ሳያዩ አይተኙም። የቺካጎውን የወሮበሎች አለቃ አል ካፖንን ያሳሰረው የመንግሥት መርማሪው ኤልዮት ኔስ ነው ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ ታክስ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ማናችን ነን ትክክል? — ሰ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እህቴ፣ እውነቱ ወዳንቺ ያደላል። ሃያ ስድስት ዓመት ኦዲተር ሆኜ ስለሠራሁ፣ የሂሳብ ሰው ድካም ተሸፍኖ ሲቀር ዝም ማለት አልችልም።

የኔስና የጓዶቹ ሥራ እውነት ነው። አሜሪካ መጠጥ በከለከለችበት ዘመን ቺካጎ ውስጥ የካፖንን ድብቅ የቢራ መጥመቂያዎች በር እየሰበሩ ይገቡ ነበር። «የማይነኩ» (በእንግሊዝኛ «አንተቸብልስ») የተባሉትም ጉቦ አንቀበልም ስላሉ ነው። በ1931 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ካፖን 5,000 በሚያህል የመጠጥ ሕግ ጥሰት ተከሶ ነበር፤ ያ ክስ ግን ለችሎት አልበቃም።

ካፖንን የጣለው ታክስ ያልከፈለበትን ገቢ ያጋለጠ የሂሳብ ደብተር ነው። በ1926 ቺካጎ አጠገብ ሲሴሮ ከሚገኝ የካፖን ቁማር ቤት የተወሰዱ የሂሳብ መዝገቦች ተረስተው ተቀምጠው ነበር። የታክስ መርማሪው ፍራንክ ዊልሰን አገኛቸው። ትርፉ ለማን ለማን እንደተከፈለ ተጽፏል፤ የጻፈው እጅ ግን የማን ነው? ዊልሰን ያንን የእጅ ጽሑፍ ይዞ ከወረቀት ወረቀት ሲያመሳክር ቆየና ሌስሊ ሹምዌይ የተባለውን የቁማር ቤቱን ገንዘብ ያዥ ማያሚ ድረስ ሄዶ አገኘው። እኔም አንድ ጊዜ የ7 ቁጥር አጣጣል ብቻ አይቼ ደረሰኝ የደለዘውን ሰው ለይቻለሁ፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ስለዚህ የዊልሰን ልብ ያን ቀን እንዴት እንደመታ ይገባኛል።

ሹምዌይ ችሎት ቀርቦ መሰከረ። ጁሪዎቹ (ጥፋተኝነትን የሚወስኑት ተራ ዜጎች) በገንዘብ ሊገዙ ነው የሚል ወሬ የደረሳቸው ዳኛ ዊልከርሰንም ችሎቱ በተከፈተበት ጠዋት ከሌላ ችሎት ጁሪዎች ጋር ቀየሯቸው። በታክስ ወንጀል የተሰጠው ፍርድ 11 ዓመት እስርና 50,000 ዶላር መቀጮ ሆነ።

ድራማው በኤቢሲ ከ1959 እስከ 1963 ታየ፤ 118 ክፍል አለው። ሮበርት ስታክ ኔስን ሆኖ ሲጫወት ፊቱ ላይ አንድ ጡንቻ አይነቃነቅም፤ በጣም እወደዋለሁ። የሬዲዮ ዜና ሰው የነበረው የዋልተር ዊንቸል ትረካ ግን እንደ ተኩስ ሩምታ እየፈጠነ ዜና ያስመስለዋል፤ አባትሽም ቢያምኑ አልፈርድባቸውም። ኔስ ከካፖን የቅርብ ሰው ከፍራንክ ኒቲ ጋር የሚያደርገው ያ ሁሉ ግብግብ አብዛኛው ፈጠራ ነው። የወንበዴዎቹን ልጆች እናት ማ ባርከርንም የተከታተላት ኤፍቢአይ እንጂ ኔስ አይደለም።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር አለ። ወሮበላው ሁልጊዜ የጣሊያን ስም ስለሚሰጠው ጣሊያናውያን አሜሪካውያን ክፉኛ አዘኑ፤ እስከ ቦይኮት ደርሰው በ1961 ስፖንሰር የነበረው የሲጋራ ኩባንያ ድራማውን ተወ። ልክ ነበሩ እላለሁ። ልጁ በስሙ ብቻ ትምህርት ቤት ሲሰደብበት ዝም የሚል አባት የለም።

ኔስ ራሱ ይህን ሁሉ አላየም፤ በ1957 በ54 ዓመቱ አረፈ፤ ታሪኩን የያዘው መጽሐፍ እንኳ የወጣው ከሞተ በኋላ ነው። አባትሽን ሰላም በይልኝ፤ የሹምዌይንም ነገር ንገሪያቸው።