«ይሄ ክትባት የልጆች አይደለም እንዴ?» ስለ ኤችፒቪ የአዋቂ ሴቶች ጥያቄና መልስ

ኤችፒቪ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ፣ የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣ ቫይረስ ነው። ስለ ክትባቱ የሚጠይቁኝ እናቶች ስለ ልጃቸው ሲሆን ደፋር ናቸው። ስለ ራሳቸው ሲሆን ግን ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳሉ። ነርስ ነኝ፣ ዛሬ ስለ ራሳችሁ ጠይቁኝ።

ሲስተር፣ ልጄ ትምህርት ቤት ተከትባለች። እኔ 34 ዓመቴ ነው። ለእኔስ አይሆንም?

ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ «ጋርዳሲል 9» የሚባለው የኤችፒቪ ክትባት እስከ 45 ዓመት ላሉ ሰዎች ከተፈቀደ ቆይቷል። የመንግሥት ክትባት ግን ለልጃገረዶች ነው። እኛ አገር በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ለ14 ዓመት ልጆች ነበር፤ ኋላ ከ9 እስከ 14 ላሉት በአንድ መርፌ ሆነ። ትልልቆቹን ንቀው አይደለም። ክትባቱ በደንብ የሚሠራው ቫይረሱ ሳይቀድመው ነው። ስለዚህ ለአንቺ ጥቅሙ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። በግል ካገኘሽውና ገንዘቡ ካልከበደሽ ውሰጂው። ከዚያ በፊት ግን የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ አድርጊ።

ከባሌ ሌላ ወንድ አላውቅም። ልከተብ ብለው ምን ይለኛል?

አንቺን የሚያስፈራሽ መርፌው ሳይሆን «ለምን አስፈለገሽ?» የሚለው ነው፣ አይደል? እህቴ፣ ይሄ ቫይረስ በጣም የተለመደ ነው። ግንኙነት የሚያደርግ ሰው አብዛኛው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያገኘዋል፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። አንዳንዴ ግን ዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ዛሬ ተገኘ ማለት ዘንድሮ ገባ ማለት አይደለም። አንቺ አንድ ወንድ ብቻ ብታውቂም፣ እሱ ካንቺ በፊት ያወቃት ልትኖር ትችላለች። በምርመራ ውጤት የተነሳ ትዳር ሲታመስ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል። ማን ከማን እንዳመጣው ወረቀቱ አይናገርም! ባልሽን «የካንሰር መከላከያ ነው» በይው። ውሸት የለበትም።

መካን ያደርጋል ሲባል ሰማሁ።

አያደርግም። ሕያው ቫይረስ የለበትም፤ የቫይረሱን ቅርፊት የሚመስል ፕሮቲን ብቻ ነው። ክንድ ያማል፣ አንዳንዴ ትኩሳት አለው። መርፌ ሲያዩ ራሳቸውን የሚስቱ ስላሉ 15 ደቂቃ ቁጭ በይ። እርጉዝ ከሆንሽ እስክትወልጂ ይቆይ። ሳታውቂ ወስደሽ ከሆነም አትደንግጪ፣ ቀሪውን ከወሊድ በኋላ ትቀጥያለሽ።

41 ዓመቴ ነው። ከተከተብኩ ያ ምርመራ ይቀርልኛል? እውነቱን ለመናገር አፍራለሁ።

እውነቱን ስለተናገርሽ ተባረኪ። እንደ እኔ ከሆነ ብዙ ሴት ክትባቱን የምትመኘው ከዚያ አልጋ ለማምለጥ ነው። አይቀርልሽም። ክትባቱ ቀድሞ የገባ ቫይረስን አያጠፋም፣ ሁሉንም ዓይነትም አይሸፍንም።

ምርመራው እንዲህ ነው። ጋደም ትያለሽ፣ ከወገብ በታች በጨርቅ ትሸፈኛለሽ። በመሣሪያ የማህፀኑ በር እንዲታይ ይደረጋል፤ ቀዝቀዝ ይላል እንጂ እምብዛም አያምም። አቼቶ አቼቶ የሚሸት ፈሳሽ በጥጥ ይቀባና አንድ ደቂቃ ይጠበቃል። ጤነኛ ያልሆነው ቦታ ነጭ ይሆናል። ካንሰር ያልሆነ ቁስል ከሆነ ብዙ ጊዜ እዚያው በዚያው ቀን ይታከማል። ያፈርሽው ለዚህ ነው! ሴት ባለሙያ ትየኝ ማለትም ትችያለሽ።

አገራችን ይሄ ምርመራ በዋናነት ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው። ከቫይረሱ እስከ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ኤችአይቪ በደሟ ላለባት ሴት ግን ጊዜው ያጥራል፣ እሷ ቀደም ብላ ትጀምር።

ከቨርጂኒያ ነኝ፣ 29 ዓመቴ ነው። ታላቅ እህቴን ለግሪን ካርድ ብለው አስገድደው ከተቧት። ከዚያ ወዲህ አላምነውም። ሐኪሜ ደግሞ «ከፈለግሽ» ትለኛለች።

እህትሽ አልዋሸችም። ከ2008 እስከ 2009 መጨረሻ እ.ኤ.አ. ለግሪን ካርድ የሚያመለክቱ ከ11 እስከ 26 ዓመት ያሉ ሴቶች ይገደዱ ነበር። ዜጋዋ ሳትገደድ ስደተኛዋ መገደዷ ቅሬታ አስነስቶ ደንቡ ቀረ። ቅር ቢልሽ አይፈረድብሽም። ግን ጥፋቱ የደንቡ እንጂ የመርፌው አልነበረም።

«ከፈለግሽ» ያለችሽ ደብቃሽ አይደለም። ከ27 እስከ 45 ዓመት ላለች ሴት እዚያ አገር መመሪያው ራሱ ከሐኪምሽ ጋር ተመካክረሽ ወስኚ ነው የሚለው። አዲስ ፍቅረኛ ካለሽ ወይም ልታገቢ ከሆነ የበለጠ ይጠቅምሻል። በስድስት ወር ውስጥ ሦስት መርፌ ነው። ከመጀመርሽ በፊት ግን ኢንሹራንስሽ ጋ ደውለሽ በአንቺ ዕድሜ ይከፍሉ እንደሆነ አጣሪ፤ ከ26 በኋላ ሁሉም አይከፍልም።