ጭቃ ላይ የምትሄደው ልጅ

ሰላም እትዬ፣

የምኖረው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ነው። ዕድሜዬ 26። ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ የሱቅ ስምና የባጃጅ ጥቅስ እየጻፍኩ ነው ራሴን ያስተዳደርኩት። አሁን ሁሉም ባነር ያሳትማል፤ ብሩሼ ደርቋል። የዛሬ ሁለት ዓመት ያጠራቀምኳትን ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩና ሦስት ወር የአኒሜሽን ሥልጠና ወሰድኩ። ሰርተፊኬት ተሰጠኝ። የተማርኩት ግን የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ብቻ ነው። አንድ ቀን እንኳ እርሳስ አንሱ አልተባልንም።

ከዚያ ወዲህ በአሮጌ ላፕቶፕ ስለ አባ ጅፋር የ20 ደቂቃ ፊልም እየሠራሁ ነው፤ ብቻዬን። እስካሁን ያለቀልኝ 40 ሰከንድ ነው። ጅሬን ቤተ መንግሥት ውስጥ አንዲት ልጅ ጀበና ይዛ በረንዳውን ታቋርጣለች። ለእማዬ አሳየኋት። ዝም ብላ አየችና «ይቺ ልጅ ጭቃ ላይ ነው እንዴ የምትሄደው?» አለችኝ። ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ማታ ሬንደር ላይ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሥራዬን ወደ ቪዲዮ እንዲያወጣው፣ ጥጄው ስተኛ መብራት ይሄዳል፤ ጠዋት ፋይሉ አይከፈትም። በዚህ ላይ አንድ ባነር የሚያትም ቤት በዲዛይነርነት ልቅጠርህ ብሎኛል። ወንድሜ «ተቀጠር፣ ካርቱን የልጅ ነገር ነው» ይላል። እኔ ደግሞ ተበድሬም ቢሆን ሌላ ኮርስ ልውሰድ እያልኩ ነው። የላትቪያው ልጅ ብቻውን ሙሉ ፊልም ሠርቶ የለም እንዴ? እኔ ምን ጎደለኝ?

ብሩሹ የደረቀበት

—

የኔ ልጅ፣

ከእናትህ ልጀምር። ሦስት ወር ሙሉ ከፍለህ ያላገኘኸውን አስተያየት በነፃ ሰጥተውሃል።

ሥራህን አላየሁትም፤ ግን በሽታው የታወቀ ነው። ሰው ሲራመድ መሬት የረገጠው እግር እዚያው ይቆያል፣ የሚያልፈው ገላው ነው። አንተ እርምጃውን ባለበት ሠርተህ፣ ኋላ ልጅቷን እንዳለች ወደፊት ገፍተሃት ይሆናል። ግፊቱና እርምጃው በልክ ካልገጠሙ እግር ይንሸራተታል። ጭቃው እሱ ነው።

ሌላው ክብደት ነው። የፊተኛው እግር መሬት ነክቶ ሸክሙን ሲቀበል ገላ ዝቅ ይላል፤ የኋላው እግር ሲያልፍ ደግሞ ቀና ይላል። ይህ ከጠፋ ልጅቷ ጀበና ሳይሆን ፊኛ የያዘች ነው የምትመስለው። ጠዋት እዚያው ጅማ መርካቶ ሂድና ተሸካሚዎቹን ተመልከት። ጆንያ የተሸከመው ጉልበቱን መቼ ነው የሚያጥፈው? ባዶውን ሲመለስስ ትከሻው የት ይሄዳል? አስፈቅደህ በስልክህ ቅረጽ። ቤት ገብተህ ቀስ አድርገህ አጫውተውና አንዱን እርምጃ ብቻ በእርሳስ አውጣው። በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ቋሚ ምስል፣ የምትሠራ ከሆነ ለተራ አካሄድ አንድ እርምጃ 12 ፍሬም ይበቃዋል። ሸክም ላለበት ጨምርለት። ይህን አሥር ጊዜ ከሠራህ ማንም ሰርተፊኬት የማይሰጥህን ነገር ትይዛለህ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። 20 ደቂቃ በ24 ፍሬም 28,800 ፍሬም ነው። በእጅ ብትሥለውና አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ብታውለው፣ ብዙዎች እንደሚያደርጉት፣ 14,400 ሥዕል ይቀርሃል። በቀን አሥር ብትሥል፣ ያለ ዓመት በዓል፣ ያለ ልቅሶ፣ አራት ዓመት ገደማ። ኮምፒውተር በሁለት አቋም መካከል ያለውን እንቅስቃሴ ይሞላልሃል፤ ግን ቤተ መንግሥቱን፣ ልብሱን፣ ፈረሱን፣ አጃቢውን ሁሉ መጀመሪያ መሥራት ያለብህ አንተው ነህ። ሰነፍ አይደለህም። ለአንድ ሰው እጅ የማይሆን ነገር ነው የያዝከው።

የላትቪያውን ልጅ አውቀዋለሁ። ጊንትስ ዚልባሎዲስ ይባላል። እውነትህን ነው፣ የመጀመሪያውን ረጅም ፊልሙን ብቻውን ነው የሠራው፤ ሦስት ዓመት ተኩል ፈጅቶበታል። ከዚያ በፊት ግን ለዓመታት አጫጭር ፊልሞች ሲሠራ ነበር። ታሪኩንም በልኩ ቆርጦታል፤ ንግግር የለበትም፣ አፍና ድምፅ ሲያገጣጥም አላመሸም። እ.ኤ.አ. በ2025 ኦስካር ያገኘውን ፊልም ሲሠራ ደግሞ ቡድን ነበረው። የሠሩበት ብሌንደር የሚባለው የአኒሜሽን ሶፍትዌር አንተም በነፃ የምታወርደው ነው። ስለዚህ የጎደለህ ሶፍትዌር አይደለም።

እዚሁ አገርም ቢሆን፣ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ታስታውሳለህ? ቀጭኔዋ በእጅ የምትንቀሳቀስ አሻንጉሊት ነበረች። 28,800 ሥዕል ልሣል አላሉም፤ እጃቸው የሚችለውን ሠሩ። ልጆቹ ግድ አልሰጣቸውም።

እኔ ብሆን አባ ጅፋርን ለጊዜው ከላፕቶፑ አውጥቼ ወረቀት ላይ አሰፍረው ነበር። ስምንት ገጽ ኮሚክ፣ በተከታታይ ሥዕልና ጽሑፍ የሚነገር ታሪክ። በገጽ አምስት ሥዕል ብታደርግ 40 ሥዕል ነው፤ ሁለት ወር አይፈጅም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአራት ማዕዘን የከፋፈሉትን፣ ከየሥዕሉ ጋር ጽሑፍ ያለባቸውን ሥዕሎች አይተህ የለ? እኛ ኮሚክን በዚህ ስም ሳንጠራው ነው የኖርነው። «ጀምበር» የተባለው የልዕለ ጀግና ኮሚክ እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛም ሲወጣ አንባቢ አላጣም። ደግሞ አንተ ፊደል ጸሐፊ ነህ! ስንቱ ኮሚክ የሚበላሸው ሥዕሉ አምሮ ጽሑፉ ከኮምፒውተር ተለቅሞ ሲለጠፍበት ነው። የብሩሽ እጅህን የትኛው ኮርስ ይሰጥሃል? እና ደግሞ ኮሚኩ ሲያልቅ ከምትወደው ገጽ 30 ሰከንድ ብታንቀሳቅስ ስቶሪቦርዱ፣ የፊልሙ የሥዕል ንድፍ፣ ተሠርቶ ተቀምጦልሃል።

ባነር ቤቱን ግባበት። ገጽ ማሰናዳት፣ ቀለም ሲታተም እንዴት እንደሚቀየር፣ ደንበኛ «ትንሽ አድምቀው» ሲልህ ምን ማለቱ እንደሆነ፣ እየተከፈለህ ትማራለህ። ኮሚክህንም የሚያትምልህ ሰው አጠገብህ ነው። ለሌላ ኮርስ ግን እንዳትበደር። የግድ ከሆነብህ፣ ከመክፈልህ በፊት የተማሪዎቻቸውን ሥራ አሳዩኝ በል። ሰርተፊኬት ካሳዩህ ውጣ። ወንድምህን በክርክር አትረታውም፤ ስምንቱ ገጽ ሲታተም ስጠው።

የመብራቱ ነገር ቀላል ነው። ሬንደር ስታደርግ በቪዲዮ ፋይል አታውጣው፣ በተናጠል ሥዕል አውጣው፤ ፒኤንጂ በለው። መብራት 300ኛው ፍሬም ላይ ቢሄድ 299ኙ ተቀምጠው ታገኛቸዋለህ፤ ከቆመበት ትቀጥላለህ። መጨረሻ ላይ ብሌንደር ራሱ ወደ ቪዲዮ ይሰበስብልሃል። ይህን ሦስት ወር ሙሉ ያልነገረህ ሰው እኔን አናዶኛል።

ልጅቷን ለአሁኑ ጀበናውን አስቀምጠህ ባዶ እጇን አስሂዳት። አራት እርምጃ ይበቃል። ለእናትህ አሳያቸው። ስለ ጭቃ ካላነሱ ጀበናውን አስጨብጣት።