«ስታትስቲክስ የሌለበት ማስተርስ ይጠቁሙኝ» ላልሽኝ እህቴ

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በሶሲዮሎጂ ተመርቀሻል፣ ማስተርሱንም በዛው መቀጠል ትፈልጊያለሽ፣ ወንድምሽ ደግሞ «ኤምቢኤ ከሆነ እከፍልልሻለሁ፣ ሶሲዮሎጂ ከሆነ ግን ከኔ ምንም እንዳትጠብቂ» ብሎሻል፣ 27 ሞላኝና ረፈደብኝ ወይ የሚልም አለ። እሺ። እኔን ያንገበገበኝ ግን መጨረሻ ላይ እንደ ቀልድ ጣል ያደረግሻት ናት፣ «ቁጥር ስለምፈራ ስታትስቲክስ የሌለበት ፕሮግራም ይጠቁሙኝ» ያልሽው።

አልጠቁምሽም።

ከሒሳብ ለመሸሽ ሶሲዮሎጂ የገባ ጎበዝ ልጅ ብዙ አይቻለሁ። ማስተርሱንም እንደዛው እየተሸሸገ ይጨርስና የሥራ ማስታወቂያ ሲያይ «ሰርቬይ ዲዛይን፣ ዳታ አናሊሲስ፣ ኤስፒኤስኤስ ወይም ስታታ የሚችል» ይላል፣ በቃ ዘግቶት ይሄዳል፣ ከዛ ሶሲዮሎጂ ሥራ የለውም ብሎ ያወራል። እኛ ሙያ ውስጥ እኮ ስሌቱን የሚሠራው እንደ ኤስፒኤስኤስና ስታታ ያለው ሶፍትዌር ነው፣ አር (R) የሚባለውን ብትወስጂ በነፃ ነው የሚወርደው። ያንቺ ሥራ የሚሆነው ማን ተጠየቀ፣ ማን ተረሳ፣ ጥያቄው እንዴት ተጠየቀ የሚለው ነው። ለምሳሌ ጠያቂው የቤቱን አባወራ ብቻ ያገኝና «ባለቤትህ ሥራ አላት?» ሲለው «የለም፣ ቤት ናት» ይለዋል፣ ሴትየዋ ግን ቀኑን ሙሉ ስትነግድ ውላለች። ሠንጠረዡ ላይ ሥራ የሌላት ሆና ትቀመጣለች። ይሄንን ስህተት የሚይዘው ሒሳብ የሚችለው ሰው ብቻውን አይደለም፣ ቤተሰብ ውስጥ ማን ስለማን እንደሚናገር የሚያውቅ ሶሲዮሎጂስት ነው፣ ግን ሠንጠረዡን ማንበብ ካልቻለ እሱም አይይዘውም!

ደግሞ አሜሪካዊውን ሶሲዮሎጂስት ዱ ቦይስን አስቢው። ፊላደልፊያ ውስጥ ጥቁሮች የሚኖሩበትን ሰፈር ቤት ለቤት እየዞረ ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ1899 ያወጣው ጥናት ቁጥሩንም የሰዉን ኑሮም አንድ ላይ የያዘ ነው። ኢንተርቪውና ፎከስ ግሩፕ እወዳለሁ ብለሻል፣ ውደጂ፣ ማንም አይከለክልሽም፣ ግን ከቁጥሩ ጋር አብረሽ ያዥው።

ስለዚህ ፕሮግራም ስትመርጪ የዩኒቨርሲቲውን ስም ትተሽ የኮርስ ዝርዝሩን ክፈቺ። የጥናት ዘዴ ስንት ኮርስ አለው፣ በእውነተኛ ዳታ ያሠራሉ ወይ፣ ቴሲስ አለው ወይስ ኮርስ ብቻ ነው፣ አንቺ በምትፈልጊው ርዕስ የሚያማክርሽ መምህር አለ ወይ። ቴሲስ የሌለውን እኔ አልመክርም፣ በተለይ ፒኤችዲ ካሰብሽ።

ወንድምሽን በተመለከተ አትቀየሚኝ። ገንዘቡ የሱ ነው፣ አልሰጥም ማለት መብቱ ነው፣ ግን ከፋዩ ስለሆነ ብቻ አንቺ የማትፈልጊውን ሁለት ዓመት ልትቀመጪለት አይገባም። ደግሞ እሱም «ሥራውስ?» ሲልሽ ልክ ነው፣ «እወደዋለሁ» ብለሽ መመለስሽ መልስ አይደለም። እኔ ብሆን መጀመሪያ ዳታ ሰብሳቢ ሆኜ እገባ ነበር (እኔ ራሴ መጠይቅ ይዤ ቤት ለቤት ከመዞር ስለጀመርኩ ለፊልድ አደላለሁ፣ እወቂልኝ)። ልምዱ ለስኮላርሺፕም ይረዳሻል፣ ቼቨኒንግ (የብሪታንያ መንግሥት ስኮላርሺፕ) ለምሳሌ 2,800 ሰዓት፣ ማለት የ2 ዓመት ያህል የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ያኔ የማንንም ፈቃድ አትጠብቂም።

27 ምንም አይደለም፣ ሥራ ቀምሶ የመጣ ሰው ክፍል ውስጥ የተሻለ ጥያቄ ነው የሚጠይቀው።

ለአሁኑ አርን አውርጂ፣ በብዙ አገር የሰዉን አመለካከት ከሚያጠናው ከወርልድ ቫልዩስ ሰርቬይ ድረ ገጽ ላይ የአንድ አገር ዳታ በነፃ ውሰጂና የወንዶቹንና የሴቶቹን መልስ በአንድ ጥያቄ ላይ ብቻ አወዳድሪ። የወጣልሽን ሠንጠረዥ ላኪልኝና አብረን እናየዋለን።