አሮጌው ፔንቲየም ያስቀጥራል ወይ?

ጥያቄው ከደብረ ሲና ነው። «ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን ኤሌክትሮኒክስ ልጨርስ ትንሽ ቀርቶኛል። አጎቴ ያመጣልኝ ፔንቲየም 3 ላይ ዊንዶውስ ኤክስፒ አለ። በፓራለል ፖርቱ (በድሮው የፕሪንተር መሰኪያ) አምፖልና ሞተር ላዝበት ብዬ በሲ ቋንቋ ጻፍኩ፤ ፕሮግራሙ ግን ወዲያው ይዘጋል። አንዱ አሴምብሊ ተማር ይለኛል፣ ሌላው ፓይተን። የቱ ያስቀጥረኛል?»

ወንድሜ፣ ኮድህን ቶሎ አትጠርጥረው። ኤክስፒ ይሆናል የከለከለህ። ኤክስፒን ጨምሮ የኤንቲ ዘር የሆኑ ዊንዶውሶች ተራ ፕሮግራም ፖርት እንዲነካ አይፈቅዱም፤ በድራይቨር በኩል ካልሆነ። ዶስ የሚባለው የድሮ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ግን ዘበኛ የሌለው ግቢ ነው፣ ማንም ይገባል።

ስለዚህ ፍሪዶስ የሚባለውን የዶስ ዓይነት ጫን። ነፃ ነው፣ ለማሽንህም አይከብድም። ለመጀመሪያ ቱርቦ ሲ የተባለው የድሮ የሲ ኮምፓይለር ይበቃሃል። የፖርቱ አድራሻ ብዙ ጊዜ 888 ነው፣ በሄክሳ 378። እዚያ 1 ስትጽፍ ፒን 2 ይበራል። 255 ስትጽፍ ከ2 እስከ 9 ያሉት ስምንቱም። ግራውንዱ ከ18 እስከ 25 ነው። ኤልኢዲ ስትሰካ ሬዚስተር አትርሳ፤ እኔ ልጅ ሳለሁ ረስቼ የሰው ማሽን አቃጥያለሁ፣ ለሳምንት ያህል ዝም አልኩ። ሞተሩንማ በቀጥታ እንዳትሞክረው። ትራንዚስተር መሀል ይግባ፤ ሪሌይ ብትጠቀምም ሪሌዩን የሚነዳው ትራንዚስተር ይሁን።

አሴምብሊ? አንድ ቀን ስጠው። አድራሻውን ዲኤክስ፣ ቁጥሩን ኤኤል በሚባሉት የፕሮሰሰሩ ሬጂስተሮች (ትንንሽ ማስቀመጫዎች) ውስጥ ታስገባለህ፤ ከዚያ አውት የሚለው ትእዛዝ ወደ ፖርቱ ይልከዋል። ሦስት መስመር። ሲ ከሥር ምን እንደሚሠራ ታያለህ፣ ከዚያ ወደ ሲህ ተመለስ።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ቱርቦ ሲ ብሎ የሚቀጥርህ የለም። ደብረ ብርሃን ከብርድ ልብስ ፋብሪካው እስከ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ድረስ ማሽን ሞልቷል፤ የጥገና ሰው የሚፈተነው የፋብሪካ ማሽን በሚያዘው ኮምፒውተር በፒኤልሲና በሴንሰር ነው። ግን የፒኤልሲ አውትፑትም እንደዚያች ፒን በቢት፣ ማለትም በ1 እና በ0፣ ነው የሚበራና የሚጠፋ። ሲን ደግሞ ማይክሮኮንትሮለር በሚባለው ባለ አንድ ቺፕ ኮምፒውተር ላይ ታገኘዋለህ። ፓይተን ይቆይ፤ ከማሽን ዳታ መሰብሰብ ሲመጣ ይጠቅምሃል።

አንድ ነገር ላስታውስህ፣ «ላፕቶፕ በዩኤስቢ ፕሪንተር ኬብል ያው ነው» የሚልህን አትስማ። ያ ኬብል 888 ላይ አይገኝም። ፔንቲየምህን ያዝ። ስምንቱን መብራት ከግራ ወደ ቀኝ አስኪዳቸው፣ በስልክህ ቅረጸው፤ ማመልከቻ ስታስገባ ቪዲዮውን አሳያቸው።