ፉሉ በምንድን ነው የተሠራው?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሰፈር ቁርስ ቤትና ምሳ ቤት ናቸው። ደስ ብሎኛል፤ እኔም ጠዋቴን የምጀምረው እዚያው ነው። ሁሉንም ሳነባቸው አንድ ነገር ታየኝ። ብዙዎቻችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ፣ ግን ይሉኝታ ይዟችሁ አፍ አውጥታችሁ አልተናገራችሁም።

ከገርጂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ረቡዕና አርብ እስከ 6 ሰዓት ጾሜ ቢሮዬ አጠገብ ያለ ካፌ እበላለሁ። ባለፈው ፉል አዝዤ እየበላሁ ከሥሩ የእንቁላል ፍርፋሪ አገኘሁ። ዝም ብዬ ሂሳብ ከፍዬ ወጣሁ። አስተናጋጇን ማስጨነቅ መስሎኝ ነው። ቀድሜ ምን ብዬ ብጠይቅ ይሻላል?

እህቴ፣ በጣም ይገባኛል። ግን ዝም ባልሽ ቁጥር ያቺ ልጅ ነገም ለሌላ ጿሚ ያንኑ ታቀርባለች፣ ስለማታውቅ።

ወጥ ቤቱን ብታዪው ነገሩ ወዲያው ግልጽ ይሆንልሻል። በብዙ የሰፈር ካፌ ያለው አንድ ምድጃና ሁለት ሦስት መጥበሻ ነው። ሰው ሲበዛና ትዕዛዝ ሲደራረብ፣ እንቁላል ፍርፍር የወጣበት መጥበሻ በጨርቅ ጠረግ ይደረግና ፉል ይሞቅበታል። ማንም ተንኮል አስቦ አይደለም፣ ሩጫ ነው።

ፉሉ ራሱ የጾም ነው። ባቄላው ተዘፍዝፎ ያድራል፣ በቀስታ ይበስላል፣ ይታሻል፣ ከዚያ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ከሙን ይገባበታል። የፍስክ የሚያደርገው ከላይ የሚመጣው ነው። «ስፔሻል» ካልሽ እንቁላል ይመጣል፣ አንዳንድ ቤት እርጎም ይጨምርበታል፣ ሳትጠይቂው ቅቤ ጠብ የሚያደርግበትም አለ። ስለዚህ «የጾም ነው?» ብለሽ አትጠይቂ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «በምንድን ነው የተሠራው?» በይ። ቀጥሎ «መጥበሻው ታጥቦ ይሁንልኝ» በይ። ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ነው የሚሠሩት።

ሽሮም እንደዚያው ነው። ቦዘና ካልሽ ሥጋ አለበት። ተጋቢኖ ደግሞ በዘይትም በቅቤም ይሠራል፣ እንደ ቤቱና እንደ ቀኑ ነው። ጨጨብሳም በቅቤ የተለመደ ስለሆነ በዘይት እንደምትፈልጊ ቀድመሽ ንገሪያቸው። የጾም ማኪያቶ ላይ ግን አብዛኛው ሰው የማይጠረጥረው ነገር አለ። በአኩሪ አተር ወይም በኦቾሎኒ ወተት ከሆነ ችግር የለውም። በዱቄት ክሬመር ከሆነ ግን ጣሳውን አሳዩኝ በይ፤ ብዙዎቹ ክሬመሮች ውስጥ ሶዲየም ካዜይኔት የሚባል ነገር አለ፣ እሱም ከወተት የሚወጣ ነው። «ወተት የለበትም» ብሎ የሚሸጥ ዱቄት ላይ እንኳ ከጀርባው ተጽፎ ታገኚዋለሽ።

እኔ ራሴ ለዓመታት ዝም ብዬ ነበር። አንድ አርብ ግን ለአስተናጋጇ ቀስ ብዬ ነገርኳት። ወጥ ሠሪዋ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣችና «እስከዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ፣ ከልቧ አዝና። በሚቀጥለው ረቡዕ ስሄድ አንዲት ትንሽ መጥበሻ ለብቻዋ ተሰቅላለች፣ እጀታዋ ላይ ቀይ ክር ታስሮባት። እሷ መጥበሻ እንቁላል አይነካትም። አሁን እኔ ብቻ ሳልሆን የሰፈሩ ጿሚ ሁሉ «በክሯ ይሁንልኝ» እያለ ነው የሚያዘው።

ከመገናኛ፦ ሥራ ከጀመርኩ ሦስት ወሬ ነው። ስድስት ሆነን ምሳ እንወጣለን። ሂሳብ ሲመጣ ግብግብ ነው፣ «በሞቴ፣ ዛሬ የኔ ነው» እየተባለ። ተራው ሲደርሰኝ ደመወዜ አይችለውም። ልቅር ብል ደግሞ ሰው ናቀ እባላለሁ።

ወንድሜ፣ ሂሳብ ከመጣ በኋላ የሚባል ነገር ሁሉ ረፍዷል። ንግግሩ ከቢሮ ስትወጡ ነው። ከመካከላቸው የምትቀርበውን አንድ ሰው ለብቻው ይዘህ «በየቀኑ መጋበዝ ከብዶኛል፣ በየራሳችን ብናደርገው ምን ይመስልሃል?» በለው። እመነኝ፣ ከስድስታችሁ ቢያንስ ሁለቱ ይህን የሚል ሰው እየጠበቁ ነው።

እኛ ቢሮ የሠራልን እንደ ዕቁብ ያለ ነገር ነው። ሰኞ ጠዋት ሁላችንም እኩል እኩል ለአንድ ሰው እንሰጣለን፣ ሳምንቱን ሙሉ እሱ ይከፍላል። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ደግሞ ዝርዝር የለኝም የሚባል ነገር ቀርቷል፣ እዚያው ወንበር ላይ ሆናችሁ ድርሻችሁን ትልካላችሁ። ከጠፋም የጠፋው ድርሻ ይታወቃል፣ ማንም ማንንም አይታዘብም።

አበላሉንም አስቡበት። በያይነት ለአንድ ሰው የሚመጣው ብዙ ጊዜ ወጡ ይተርፋል፣ የሚያልቀው እንጀራው ነው። አራት በያይነት አዝዛችሁ እንጀራ ብታስጨምሩ ስድስት ሰው ጠግቦ ይነሳል። ጭማሪው እንጀራ በስንት እንደሚታሰብ ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። በሳምንት ሁለት ቀን ምሳ ዕቃ መያዝም ነውር የለውም። ትንንሽ ካፌዎች ሻይ ወይም ውሃ ካዘዝክ ብዙ ጊዜ ያስቀምጡሃል፤ ባለቤቷን ሰላም ብለህ ካስፈቀድክ ደግሞ ምሳህን ራሷ ታሞቅልሃለች።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ለገና ከሁለት ልጆቼ ጋር አዲስ አበባ እመጣለሁ። ቃጠሎ አይችሉም፣ ትልቋ ሥጋ አትበላም። የቤተሰብ ምግብ እንዳለ ሆኖ በየካፌው ምን ላብላቸው? ሆዳቸውንም እፈራለሁ።

እንኳን ደህና መጣሽ። ለትልቋ ጊዜው ጥሩ ነው። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ስለሆነ፣ ቀደም ብላችሁ ከመጣችሁ የጾም ምግብ የሌለበት ምሳ ቤት አታገኚም። ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ድንች በካሮት፣ ፓስታ በአትክልት፣ ሁሉም አይቆጠቁጥም። ለቁርስ ቅንጬ ወይም ዳቦ በማር ይሞክሩ፤ ታናሹ ደግሞ እንቁላል ፍርፍር «ያለ ቃሪያ» ተብሎ ይታዘዝለት። እዚህ «ቃጠሎ የለውም» የሚባለው ነገር እዚያ ላደገ ልጅ ያስለቅሳል፣ ስለዚህ መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው።

ሆድን በተመለከተ ደንቡ ቀላል ነው፤ እየጨሰ የመጣ ይበሉ። ፉል ላይ የሚነሰነሰው ጥሬ ቲማቲምና ሽንኩርት፣ ከምሳ ጋር የሚመጣው ሰላጣ፣ በረዶ ያለበት ጁስ፣ እነዚህ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይቆዩ። «ከላይ ጥሬ ነገር አትጨምሩብኝ» ብትዪ ማንም አይከፋውም። ሃይላንድ ስትገዢ ክዳኑ ሲከፈት ቀጭ ማለቱን አዳምጪ።

ለራስሽ ማኪያቶ ስታዝዢ «ጠቆር ይበል» ወይም «ነጣ ይበል» ብለሽ እዘዢ፤ ዝም ካልሽ እንደ ቤቱ ልማድ ነው የሚመጣው። ሜኑ ላይ ያለው ዋጋ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱን የያዘ መሆኑንም ጠይቂ። አንዳንዱ ይዟል፣ አንዳንዱ አልያዘም።

ከጀሞ፦ ስፕሪስ ባልኩ ቁጥር የተለያየ ነገር ይመጣልኛል፣ ለምን?

ጁስ ቤት ስፕሪስ ማለት የተደራረበ ጭማቂ ነው። ካፌ ደግሞ ግማሽ ሻይ ግማሽ ቡና። ሁለቱንም የሚሸጥ ቤት ከሆነ «የሻይ» ወይም «የጁስ» ብለህ ለይ።

ከአያት፦ ትንሽ ካፌ አለችኝ፣ ስምንት ጠረጴዛ። ላፕቶፕ ይዘው በአንድ ማኪያቶ ከጠዋት እስከ 8 ሰዓት የሚቀመጡ ልጆች አሉ። ምሳ ሊበላ የመጣ ሰው ቆሞ አይቶ ይመለሳል። ልጆቹን እወዳቸዋለሁ፣ ማስነሳት ግን አልቻልኩም።

እናቴ፣ ይህ ጥያቄዎ ልቤን ነክቶታል። ስምንት ጠረጴዛ ላለው ቤት የምሳ ሁለት ሰዓት ማለት የቤት ኪራዩ ነው። ልጆቹ ደግሞ ቤቱን የመረጡት እርስዎ ስለማያባርሯቸው ነው። ሁለቱም እውነት ነው።

አስተናጋጇን አይላኩ። ከእሷ ሲመጣ ግልምጫ ይመስላል፣ እሷንም ያሳቅቃታል። እርስዎ ራስዎ ይሂዱና ከምሳ ሰዓት በፊት፣ 5 ሰዓት ተኩል ግድም፣ «ልጆቼ፣ ከ6 እስከ 8 ለምሳ እፈልገዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ተመለሱ» ይበሏቸው። ከግድግዳው ጥግ ለብቻቸው የሚሆን አንድ ጠረጴዛ መተው ከቻሉ እንዲጋሩት ያሳዩአቸው። ወረቀት የሚለጥፉ ከሆነ ደግሞ «ክልክል ነው» የሚል ቃል አይኑርበት። ሰዓቱን ብቻ ይጻፉ፣ ከሥሩም የቀኑን ምሳ ከነዋጋው። ከልጆቹ አንዳንዶቹ እዚያው ምሳ ማዘዛቸው አይቀርም።