«የደም መርጋት መድኃኒት» ያረጋል ወይስ እንዳይረጋ ያደርጋል?

ጥያቄ፦ ትራኔክሳሚክ አሲድ ስለተባለ መድኃኒት ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «የደም መርጋት መድኃኒት ለፀረ-ብግነት በአይጦች ላይ ተፈተነ» የሚል ርዕስ ሰጠሁት። ጓደኛዬ አንብቦ «ደም የሚያረጋ ነው ወይስ እንዳይረጋ የሚያደርግ?» አለኝ። «ብግነት»ንም አልወደደውም፤ «መቆጣት» በል ይለኛል። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ በመጀመሪያው ጓደኛዎ ልክ ነው። ጥፋተኛዋ «የ» ናት። «የራስ ምታት መድኃኒት» ራስ ምታትን ያጠፋል። «የእንቅልፍ መድኃኒት» ግን እንቅልፍ ያመጣል። «የአይጥ መድኃኒት» ደግሞ አይጧን ይገድላታል እንጂ አያድናትም። «የ» ሁለቱ ነገሮች እንደሚገናኙ ብቻ ትነግረናለች። እንዴት እንደሚገናኙ የምናውቀው ከልማድ ነው። ራስ ምታት ፈልጎ መድኃኒት የሚገዛ የለም። የደም መርጋት ግን ለሚደማ ሰው መዳኛው ነው፤ ያለቦታው በደም ሥር ውስጥ ሲሆን ይገድላል። እዚህ ላይ ልማድ አያግዘንም።

ግሡ ያግዘናል። «መርጋት» ደሙ ራሱ የሚሆነው ነው፤ «ማርጋት» ሌላው የሚያደርግበት። ስለዚህ «ደም የሚያረጋ» ወይም «ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ» ቢሉ ይለያል። ሁለተኛውን ሰዎች «ደም ማቅጠኛ» ይሉታል። ደሙ እንኳ አይቀጥንም፣ የመርጋት አቅሙ ነው የሚቀንሰው፤ ግን ሁሉም ስለሚገባው ቃሉን አልነካውም። (ከዚህ ወገን የሆነው ዋርፋሪን እ.ኤ.አ. በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ገበያ ወጣ፤ በ1954 ለሰው ተፈቀደ። «የአይጥ መድኃኒት» ያልኩት ለዚህም ጭምር ነው።)

የእርስዎ መድኃኒት ግን ከሁለቱም ትንሽ ይለያል። ትራኔክሳሚክ አሲድ ደም አያረጋም፤ የረጋው ቶሎ እንዳይሟሟ ይጠብቃል። ጃፓናዊቷ ኡታኮ ኦካሞቶ ከባለቤቷ ጋር እ.ኤ.አ. በ1962 ያስተዋወቀችው ለዚሁ ነው። «የደም መፍሰስ ማቆሚያ» ቢሉት ይሻላል።

ወደ «ብግነት» ልምጣ። ከ«በገነ» የወጣ ነው፤ ተቃጠለ፣ ተናደደ ማለት። «አበገነኝ» የምንለው ከዚሁ ነው። «ቁስሉ ተቆጣ» ስንልም ያው ቁጣ ነው። ሰውነት ሲቀላ፣ ሲያብጥ፣ ሲግልና ሲያም አማርኛ የሚያየው የተናደደ ሰው ነው። ደም ደግሞ «ይረጋል»፣ ልክ «ረጋ በል» እንደምንለው። ደምን አረጋግቶ ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት መፈለግ ማለት ነው እንግዲህ! እኔ ይህን ሳይ ደስ ይለኛል።

ጓደኛዎ በወሬ መሀል «ተቆጣ» ቢል ትክክል ነው፣ እኔም እላለሁ። «ፀረ-መቆጣት» ግን ለቁጡ አለቃ የታዘዘ ይመስላል። ለሙያ ጽሑፍ «ብግነት» ይቆይ።

አንድ ነገር ልጨምር። «ለፀረ-ብግነት ተፈተነ» አልጣመኝም፤ የሚፈተነው ብግነትን መቀነሱ ነው። የታወቀው ዘዴ ካራጂናን የተባለ ከቀይ የባሕር አልጌ የሚወጣ ነገር በአይጥ የኋላ እግር ላይ መውጋት ነው። እግሩ በጥቂት ሰዓት ያብጣል፤ መድኃኒት ያገኘችው አይጥ እብጠት መድኃኒት ካላገኘችው እብጠት ጋር ይነጻጸራል። ይህም ዘዴ የታተመው በ1962 ነው፣ ግጥምጥሞሽ። እርስዎም የለኩት በዚህ መንገድ ከሆነ ርዕሱን እንዲህ ያድርጉት፦ «የደም መፍሰስ ማቆሚያው ትራኔክሳሚክ አሲድ ብግነትን ይቀንስ እንደሆነ በአይጦች ላይ ተፈተነ»። ረዘመ፣ አውቃለሁ። «ተፈተነ» ደግሞ «አለፈ» ማለት አይደለምና ውጤቱን ከሥሩ ወዲያው ይጻፉት።